የማስመሰል ልምምድ ለእጩ መምህራን፦ ከአማራጮቹ የትኛው ለማን ይስማማል?

በመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ውስጥ የምንሠራ ሰዎች በየዓመቱ የሚገጥመን ጥያቄ አለ። እጩ መምህሩን ወደ እውነተኛ ክፍል ከመላካችን በፊት፣ ማንም ሕፃን ሳይጎዳ ተሳስቶ የሚታረምበትን ዕድል በምን መልኩ እንስጠው? ቀደም ሲል መልሱ ማይክሮ ቲቺንግ (ለጥቂት ሰዎች አጭር ትምህርት አቅርቦ መተቸት) ብቻ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ባልደረባ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን እንግዛ ይላል፣ ሌላው ዓይን ላይ የሚደረግ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ያነሣል፣ ሦስተኛው በስልክ ብቻ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም አለ ብሎ ይከራከራል፤ ስብሰባውም ሳይወሰን ይበተናል። ይህ መመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ መምህራንን ለሚያሠለጥኑና ጀማሪ መምህራንን ለሚቀበሉ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አማራጮቹን እዚሁ አካባቢ ካለው ሁኔታ አንጻር ይመዝናል።

አቋሜ ከመነሻው ይታወቅ። አንዱን አማራጭ ከሌላው የሚያስበልጠው መድረኩ እውነተኛ ክፍል መምሰሉ አይደለም፤ እጩው ያበላሸውን ያንኑ ቅጽበት፣ ምክር ከተሰጠው በኋላ፣ እዚያው ደግሞ ለመሞከር መቻሉ ነው።

ነገሩን በአንድ ገጠመኝ ላሳይ። በአንድ የ5ኛ ክፍል የሂሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት እንደሚሆን ይጠይቃል። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ሁለት አምስተኛ» ይላል። መምህሩ «ሌላ?» ይላል። ሁለተኛዋም ትሳሳታለች፤ አሁንም «ሌላ?» ይባላል። ሦስተኛው «አምስት ስድስተኛ» ሲል «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት!» ይከተላል፤ ከዚያ «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። የመጀመሪያው ልጅ ግን የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ጋር እንደ ደመረ ተቀምጧል። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንደሚያንስ፣ በግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት ከግማሽ በታች ሊሆን እንደማይችል ማንም አላሳየውም።

ይህን የ«ሌላ?» ልማድ እኔም ይዤው ነበር ወደ ክፍል የገባሁት። ተማሪ ሳለሁ ባደረግሁት ማይክሮ ቲቺንግ ጓደኞቼ እንደ ሕፃናት ተቀምጠው የጠየቅሁትን ሁሉ በትክክል ስለመለሱልኝ፣ የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ምን እንደማደርግ አንድም ቀን አልተፈተንኩም። አሠልጣኜም ድምፄን አመስግኖ፣ የሰሌዳ አጠቃቀሜን እንዳስተካክል ነግሮኝ፣ ከ20 17 ሰጥቶኝ አለፈ። እንግዲህ ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር በአንድ በኩል «የትኛው አማራጭ ይህን ልማድ ይሰብራል?» የሚል ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

መመዘኛ ሳይዝ አማራጭ ወደ ማየት የሚሮጥ ሰው የሚወስነው በሻጩ ማሳያ ነው። እኔ የምጠቀምባቸው ስድስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያውና ዋናው ድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ ማይክሮ ቲቺንግን ሲጀምሩ ሐሳቡ አጭር ትምህርት ማቅረብ ብቻ አልነበረም። እጩው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ለጥቂት ተማሪዎች ያስተምራል፣ ይተቻል፣ ከዚያም ያንኑ ትምህርት አስተካክሎ ለሌላ ቡድን ደግሞ ያስተምራል። በብዙ ቦታ ሦስተኛው እርምጃ በጊዜ ጥበት ተቆርጦ ቀርቷል፤ የተረፈው ማቅረብና ማርክ መስጠት ነው። ስሙ አለ፣ ነገሩ ግን የለም።

ሁለተኛው የግብረ መልሱ ጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እጩ መምህራን በማስመሰል ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲያስተምሩ አድርጎ፣ በመካከል ግማሾቹ በራሳቸው እንዲያሰላስሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ 5 ደቂቃ ያህል በአሠልጣኝ እንዲመከሩ አደረገ። የተመከሩት በግልጽ ተሻሻሉ፤ ብቻቸውን ያሰላሰሉት ግን እምብዛም አልተለወጡም። ይህ ለበጀት አውጪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች የተጠቀሙበት መሣሪያ አንድ ዓይነት ሲሆን ልዩነቱን ያመጣው 5 ደቂቃ የቆየ ሰው ነውና።

ሦስተኛው መመሳሰል ነው። መመሳሰል ሲባል ግድግዳውን ሳይሆን ችግሩን መምሰል ነው። የአንደኛ ደረጃ ክፍል በመስፈርቱ 50 ተማሪ ቢሆንም ከዚያ የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ፤ ሰኞ ዕለት የደሴን ገበያ አስታኮ የሚያረፍድ ልጅ ይኖራል፤ ኮምቦልቻ ላይ ወላጁ በፋብሪካ ፈረቃ የሚያድር ተማሪ አለ፤ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ቤቱ ኦሮምኛ ተናግሮ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚሰማ ልጅ አይጠፋም። ልምምዱ እነዚህን ካላካተተ እጩው የሚለማመደው ለማይገባበት ክፍል ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ እርሳስ ይዞ ማስላት ይጠቅማል። 40 እጩዎች ያሉበት አንድ ክፍል አለ እንበል። እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢያስተምር፣ 5 ደቂቃ ቢመከርና 10 ደቂቃ ደግሞ ቢሞክር 25 ደቂቃ ይሆናል፤ ለ40 ሰው 1,000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ። አንድ አሠልጣኝ በአንድ ክፍል ውስጥ ይህን አይጨርሰውም። አሥር አሥር ሰው ባላቸው አራት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ከተካሄደ ግን በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያልቃል፤ አራት መካሪ ይጠይቃል እንጂ። ስለዚህ የትኛውንም አማራጭ ስንመርጥ «ስንት ብር?» ከማለት በፊት «ስንት መካሪ?» ማለት ይቀድማል።

አምስተኛው መብራት፣ ኢንተርኔትና ጥገና ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በሁለቱም ከተሞች በርካታ የትምህርት ተቋማት ቁሳቁሳቸውን እንዳጡ የአካባቢው ሰው የሚዘነጋው አይደለም፤ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ በምን እንደሚተካ የማይታወቅ ዕቃ ላይ ሥልጠናን ማንጠልጠል ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ማሰብን ይጠይቃል።

ስድስተኛው ይሉኝታ ነው። በውጭ በተጻፉ መመሪያዎች ላይ ይህን መመዘኛ አላየሁም፤ እኛ ዘንድ ግን ልምምድን ከሚገድሉ ነገሮች ዋነኛው ነው። ነገ አንተም ሰሌዳው ፊት የምትቆም ከሆነ ዛሬ የጓደኛህን ስህተት አትናገርም። «ጥሩ ነበር፣ ትንሽ ጊዜ አጠቃቀም ላይ ብታሻሽል» የሚለው አስተያየት በየቡድኑ የሚደገመው ለዚህ ነው።

ማይክሮ ቲቺንግ ከአቻ ተማሪዎች ጋር

ወጪው ጠመኔና ሰሌዳ ነው። መብራት ቢጠፋም ይቀጥላል። እጩው መቆምን፣ ድምፅን፣ ሰሌዳ መጠቀምን፣ ጊዜ መቁጠርን በደንብ ይለማመድበታል፤ ለእነዚህ ነገሮች የተሻለ አማራጭ አላውቅም።

ድክመቱ ከላይ በራሴ ታሪክ የታየው ነው። ተማሪ ሆነው የተቀመጡት መልሱን ያውቁታል፣ ይሉኝታም ይዟቸዋል። ይህን ለማከም የምናደርገው ነገር ቀላል ነው። አሥር ሰው ባለበት ቡድን አንዱ ያስተምራል፣ ስድስቱ ተማሪ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ይታዘባሉ፣ አንዱ በስልኩ ሰዓት ይይዛል። ለስድስቱ «ተማሪዎች» አስተማሪው የማያየው ብጣሽ ወረቀት፣ እኛ ካርድ የምንለው፣ ይታደላል። ከእነዚህ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት አምስተኛ ብለህ መልስ። ለምን ስትባል ‹የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደመርኩ› በል። ስህተት ነው ብቻ ከተባልክ ዝም ብለህ ተቀመጥ። በሥዕል ወይም በሚቆረስ ነገር እንድታወዳድር ከተጠየቅህ ግን ቀስ ብለህ ግራ ተጋባ።» የሌላዋ ወረቀት «ሁሉንም ጻፊ፣ ምንም አትረጂ፣ ገባችሁ ሲባል ጮክ ብለሽ አዎ በይ» የሚል ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ፣ እመኑኝ፣ በየክፍሉ አለች።

ታዛቢዎቹ ደግሞ አስተያየት አይሰጡም፤ ይቆጥራሉ። አንዱ «ሌላ?» የተባለበትን ብዛት ይቆጥራል። ሁለተኛው ከጥያቄ በኋላ የተጠበቀውን ሰከንድ ይለካል። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባካሄደችው ሥራ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይታለች። «ሰባት ጊዜ ሌላ ብለሃል፣ የጠበቅኸው አንድ ሰከንድ ነው» የሚል ታዛቢ ጓደኛውን አልሰደበም፤ ቁጥር ነው ያነበበው። ይሉኝታን የምናልፈው በዚህ በኩል ነው።

በጽሑፍ የተዘጋጁ የክፍል ገጠመኞች

አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የክፍል ታሪክ ይተርካል፣ ውሳኔ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ላይ ይቆማል። ከሁሉም ርካሹ ይህ ሲሆን ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ለስነ ምግባር ጉዳዮች፣ ለምዘና ክርክር፣ ለአካታችነት ጥያቄዎች ተስማሚ ነው።

የሚበላሸው በአንድ መንገድ ነው። እጩው «ተማሪውን በአግባቡ እመክረዋለሁ» ብሎ ጽፎ ይገላገላል። ማንም ያንን አይቃወምም፣ ማንምም ከዚያ አይማርም። ስለዚህ ደንቡ የሚከተለው መሆን አለበት፦ የምታደርገውን ሳይሆን የምትናገረውን፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ቃል በቃል ጻፍ። ከተቻለ ደግሞ በቴሌግራም ከ60 ሰከንድ ባልበለጠ የድምፅ መልእክት ይላክ፤ በጽሑፍ የሚያምር ተግሣጽ በድምፅ ሲሰማ ቁጣ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በኤም.አይ.ቲ. የማስተማር ሥርዓቶች ላቦራቶሪ የሠራው «ቲቸር ሞመንትስ» የተባለ ነጻ መድረክ በዚሁ መርህ የሚሠራ ነው፤ ገጠመኙን በጽሑፍ ወይም በቪዲዮ አቅርቦ የእጩውን መልስ ይቀዳል፣ አሠልጣኙም የራሱን ገጠመኝ አዘጋጅቶ ሊያስገባበት ይችላል። ኢንተርኔት አስተማማኝ ከሆነ መሞከር አይከፋም፤ ካልሆነ ወረቀቱና ቴሌግራሙ ያንኑ ያህል ይሠራሉ።

ሚናው የተጻፈለት ተዋናይ

እኔ ካየኋቸው ሁሉ ብዙ ሊባልለት ሲገባ ጥቂት የሚነገርለት አማራጭ ይህ ነው። መነሻው ሕክምና ነው። ሐዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ጤነኛ ሰዎችን አሠልጥኖ አንድ ዓይነት ሕመም እንዲያስመስሉ በማድረግ የሕክምና ተማሪዎችን መፈተን ጀመረ። ብዙ ቆይቶ በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ቤንጃሚን ዶትገር ሐሳቡን ወደ መምህርነት አመጣው፤ ተዋናዮች ወላጅ ወይም ተማሪ ሆነው ከእጩው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ለሁሉም እጩ አንድ ዓይነት ጉዳይ ያቀርባሉ።

የኮምቦልቻን ሁኔታ ይዤ ያዘጋጀሁት አንድ ካርድ እንዲህ ይላል፦ «እናት ነሽ። ልጅሽ ክፍል ውስጥ ስለምትተኛ ተጠርተሻል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ ሳትተኚ ነው የመጣሽው። ልጅቷ ታናሽ ወንድሟን እየጠበቀች እንደምታመሽ አትናገሪ፤ መምህሩ ማታ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ በአክብሮት ከጠየቀሽ ብቻ ንገሪው። ልጅሽ ሰነፍ ናት ካለሽ ‹እሺ እመክራታለሁ› ብለሽ ልትሄጂ ተነሺ።» ለእጩው የሚሰጠው ወረቀት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ክፍል ውስጥ የምትተኛ ተማሪ እናት ደጅ ላይ ናቸው፤ 8 ደቂቃ አለህ።»

በዚህ 8 ደቂቃ የሚወጣው ነገር በየትኛውም ፈተና አይወጣም። አንዱ እጩ ወንበር ሳያቀርብ ነው የሚጀምረው። ሌላዋ በእናትየው ዕድሜና ድካም ፊት «እርስዎ» ብላ ጀምራ፣ ወቀሳው ሲመጣ «አንቺ» ላይ ትወርዳለች፤ ካስታወሷት በስተቀር አታውቀውም። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ እጩ ከስድስት ደቂቃ ምክር በኋላ ዝም አለ፤ የሚለው ስላለቀበት ነበር። በዝምታው መሐል «ምነው፣ ደክሞዎታል?» አለ፤ ተዋናይዋም ካርዱ ላይ ያልነበረ እንባ መጣባት። የቀረውን ሁለት ደቂቃ ሰማ እንጂ አልተናገረም። ሁለተኛ ዙር ሲሞክር በዚያችው ጥያቄ ጀመረ።

ተዋናይ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የላሊበላ ኪነት ቡድን ባፈራችው ደሴ ይህ ጥያቄ ሊያስጨንቅ አይገባም። የተቋሙ የቴአትር ክበብ አባላት፣ ጡረታ የወጡ መምህራንና በትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ያገለገሉ ሰዎች በግማሽ ቀን ሥልጠና ይደርሳሉ። ጥንቃቄው ሁለት ነው። ተዋናዩ ከካርዱ ወጥቶ የራሱን ድራማ ከጀመረ እጩዎቹን እርስ በርስ ማወዳደር አይቻልም፤ ከላይ ያለችው እንባም ብትሆን ደግማ እንዳትመጣ ነግረናታል። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ሕፃናትን ለዚህ ሥራ ማሰለፍ አይገባም፤ አዋቂ ሰው ሕፃን መስሎ ቢያስቅም ይሻላል።

የተቀዳ ክፍል በቪዲዮ

በስልክ የተቀዳ የ4 ደቂቃ እውነተኛ ትምህርት «ሌላ?» ከመባሉ አንድ ሰከንድ በፊት ሲቆምና እጩው ቀጣዩን ቃል እንዲናገር ሲጠየቅ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። የተጨናነቀውን ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡትን ልጆች፣ ከውጭ የሚገባውን ጩኸት ያለምንም ማስመሰል ያመጣልና በመመሳሰል ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ማየት መሥራት አይደለም፤ ብቻውን ከተተወ ሰልጣኞች ሌላውን መምህር መተቸት ብቻ ይለማመዱበታል። ለቀረጻው የርእሰ መምህሩና የወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቪዲዮውም ከተቋሙ ኮምፒውተር ወጥቶ በስልክ እንዳይዘዋወር ደንብ ይውጣ።

በኮምፒውተር ላይ ያሉ ምስል ተማሪዎች

እዚህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ይጠራሉ። እንደ ሲምስኩል ያሉት እጩው ትእዛዝና ተግባር እየመረጠ የምስል ተማሪዎች ለውጥ የሚታይባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ቲችላይቭ፣ ከእርሱም የወጣው ሙርዥን የተባለው የንግድ አገልግሎት፣ እጩው ስክሪን ላይ ላሉ አምስት ያህል ምስል ተማሪዎች በድምፁ እንዲያስተምር ያደርጋሉ። የመነጽሩ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ሦስተኛው ነው፤ አንዳንዱን ሰው ያዞራል፣ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው እዚህ አይገኝም። ስለ መነጽሩ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ሁለተኛው ዓይነት ግን ገዢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከምስል ተማሪዎቹ ጀርባ ሥልጠና የወሰደ ሰው ተቀምጦ ድምፃቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ይመራል። እኛ ካርድ የሰጠነው ተዋናይ ማለት ነው፤ የሚገዛው ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ጥቅም የለውም አልልም። ቅጽበቱን ያለምንም ሀፍረት አሥር ጊዜ መመለስ ይቻላል፣ ምስሎቹ አይታዘቡም፣ ይሉኝታም የለባቸውም። ነገር ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ግንኙነቱ መቆራረጥ የሌለበት ነው፣ አምስቱ ልጆችም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናቸው። በዚህ የተነሣ ለአንደኛ ደረጃ እጩዎች አልመክረውም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) ሰልጣኞች ግን በእንግሊዝኛ ጥያቄ መጠየቅንና ማብራራትን ለመለማመድ ሊያገለግል ይችላል።

የ1996 ዓ.ም.ን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ያስታወሰ ሰው እዚህ ላይ ይጠነቀቃል። ትምህርቱ በሳተላይት ሲመጣ መምህሩ ማስተዋወቂያና መዝጊያ ሆኖ ቀርቶ ነበር። መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ የመምህሩ ድርሻ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ካልተወሰነ ድርሻው ራሱ ይጠፋል።

በቅርቡ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የውይይት ፕሮግራምን «የ5ኛ ክፍል ተማሪ ሁን» ብሎ ማዘዝ ተጀምሯል። ሞክሬዋለሁ። ሁለት አምስተኛ ብሎ ተሳሳተልኝ፤ ነገር ግን አንድ ፍንጭ ስሰጠው ወዲያው ተረድቶ አመሰገነኝ። እንዲህ ያለ ተማሪ በሃያ ዓመት ውስጥ አልገጠመኝም። እጩው ቤቱ ሆኖ ጥያቄ ማዘጋጀትን ሊለማመድበት ይችላል፣ የክፍልን እንቅፋት ግን ገና አያሳየውም።

ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ደግሞ ለመሞከር | ግብረ መልስ | ከክፍላችን ጋር መመሳሰል | ወጪ | መብራትና ኢንተርኔት |
|---|---|---|---|---|---|
| ማይክሮ ቲቺንግ ያለ ካርድ | ሁለተኛ ዙር ካለ ብቻ | በይሉኝታ የላላ | ዝቅተኛ | እጅግ አነስተኛ | አያስፈልግም |
| ማይክሮ ቲቺንግ በካርድና በቆጣሪ ታዛቢ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | እጅግ አነስተኛ | አያስፈልግም |
| የተጻፈ ገጠመኝ | ጥሩ | በአሠልጣኙ የሚወሰን | በአዘጋጁ የሚወሰን | እጅግ አነስተኛ | ለድምፅ መልእክት ብቻ |
| ካርድ የያዘ ተዋናይ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ | መካከለኛ፣ አበልና ዝግጅት | አያስፈልግም |
| የተቀዳ ቪዲዮ | ደካማ | መካከለኛ | ከፍተኛ | አነስተኛ | መብራት ያስፈልጋል |
| ምስል ተማሪዎች | በጣም ጥሩ | መካሪ ካለ ጥሩ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ፣ በውጭ ምንዛሪ | ሁለቱም የግድ |

ለማን የትኛው?

በጀት የሌለው የትምህርት ክፍል ማይክሮ ቲቺንጉን አይለውጥ፤ ካርድና ቆጣሪ ይጨምርበት፣ የተቆረጠውን ሁለተኛ ዙርም ይመልስ። ጊዜ ከጠበበ ሁሉም እጩ ሙሉ ትምህርት ከሚያቀርብ እያንዳንዱ 4 ደቂቃ አቅርቦ ሁለት ጊዜ ቢሞክር እመርጣለሁ።

ጥቂት ገንዘብ ያለው ተቋም ተዋናዮችን ያሠልጥን። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ካርድ ይበቃል፤ አንዱ የወላጅ፣ አንዱ የተሳሳተ መልስ፣ አንዱ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ። የደሴና የኮምቦልቻ ተቋማት ተዋናዮቹን በጋራ ቢይዙ ወጪው ይካፈላል፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ በጭጋግ ቀን ጊዜ እንደሚበላ ግን ፕሮግራም አውጪው አይርሳ። ተዋናዮቹ ቢመላለሱ 40 ሰልጣኝ ከሚጓጓዝ ይቀላል።

ርእሰ መምህራንም ከዚህ ውጪ አይደሉም። አዲስ የተቀጠሩ መምህራን ሁለት ዓመት የማለማመጃ ጊዜ አላቸው፣ ነባሮቹም በተሙማ (በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅባቸዋል፤ ይህ ሰዓት ፋይል በማደራጀት ከሚያልቅ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የተጻፈ ገጠመኝ ላይ ቢውል፣ ትምህርት ቤቱ የራሱን ልጆች የሚመስል የገጠመኝ ክምችት በዓመት ውስጥ ይኖረዋል። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል የበለጠ የገጠመኝ ምንጭ የለም፤ ስም ለውጦ መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረው።

የትኛውም ተቋም ግን ማስመሰሉን የፕራክቲከም፣ ማለትም በእውነተኛ ትምህርት ቤት የሚደረገው የማስተማር ልምምድ፣ ምትክ አያድርገው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ፕራክቲከም ሰፊ ቦታ የተሰጠው በምክንያት ነው፤ 60 ልጅ ፊት መቆም የሚለመደው 60 ልጅ ፊት ብቻ ነው። ማስመሰሉ ከእሱ በፊት ባሉት ሳምንታት ይግባ፣ በፕራክቲከሙ መካከልም እጩዎቹ ከትምህርት ቤት የገጠማቸውን ይዘው ሲመለሱ ያንኑ ቅጽበት በካርድ ጽፈው ይደጋግሙት።

በቂ ገንዘብ ኖሮት የኮምፒውተር አገልግሎት ሊገዛ የተነሣ ተቋም ደግሞ ውል ከመፈረሙ በፊት አቅራቢውን ያቀረበውን ቪዲዮ ሳይሆን ይህን ያሳየን ይበለው፦ የእኛው አንድ እጩ፣ በእኛው መብራትና ኢንተርኔት፣ በማስተማሪያ ቋንቋው፣ የተሳሳተ መልስ ሲቀበል፣ ሲያበላሽ፣ 5 ደቂቃ ሲመከር፣ ያንኑ ቅጽበት ደግሞ ሲሞክር። ማሳያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ማሳየት ካልቻለ ግን ገንዘቡ ለመካሪዎች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይዞር።